ሰኞ የፓኪስታን፣ ማክሰኞ የእኛ

ከለንደን ከተመለስኩ ወዲህ ወደ ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ የሚገለበጠውን ወረቀት ከመስጠቱ በፊት «እህ፣ ለንደን እንዴት ናት?» ይለኛል። መልሱ ይቸግረኛል። ድልድዩን አይቻለሁ፤ ወንዙንም አይቻለሁ። ወንዙ ከቦርከና ይሰፋል፣ በዝናብ ጊዜ ቀለሙ ግን ያው የቦርከና ቀለም ነው። ከዚህ በቀር በቆየሁባት ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ዊልስደን በሚባል ሠፈር፣ በአንድ ፓኪስታናዊ ሽማግሌ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ የምጽፈው ስለዚያ ወጥ ቤት ነው። ከተማዋን ፈልጎ የሚያነብ ሰው ኋላ ቅር እንዳይለው ከወዲሁ ልንገረው።

ደሴ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከዘጠነኛ ክፍል ነው። ያስተማሩኝ፣ ሰዎች ሊያስገለብጡ የሚያመጧቸው መጻሕፍት ናቸው፤ ማሽኑ ላይ ገጹን ሳስተኛ አነባለሁ። ብዙ መጽሐፍ ታዲያ ከመካከሉ ብቻ ነው የማውቀው። እንግሊዝኛዬም እንደዚያው ነው፤ መሐሉ አለ፣ ጫፍና ጫፉ የለም።

ለንደን የጠሩኝ ጋሼ ሀብቶም፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አስመራ ተወልደው ደሴ ነው ያደጉት፤ ፊደል የቆጠሩትም ጢም ያበቀሉትም እዚሁ ነው። ልባቸውን ከታመሙ በኋላ ሐኪማቸው አውሮፕላን ስለከለከላቸው «የእህቴን ልጅ ሳላይ አልሞትም» አሉ። ክረምቱ ሳይገባ በስልክ እንዲህ አሉኝ፦

«የምታድረው እኔ ጋ አይደለም። ቀበሌው የሰጠኝ ቤት አንድ ክፍል ናት። ጎረቤቴ ዘንድ ታድራለህ። ረፊቅ ይባላል፣ የላሆር ሰው ነው። ጋሼ ረፊቅ በለው። መጽሐፍ ሲያይ ነፍሱን አያውቅም፤ ትግባባላችሁ።»

ቀበሌ ያሉት የለንደኑን ካውንስል ነው። አጎቴ ከሀገር ሲወጡ የነበረውን አማርኛ ይዘው ቀርተዋል። ሌላው ሰው «ሱፐርማርኬት» የሚለውን እሳቸው «የኅብረት ሱቅ» ይላሉ፤ ሲያወሩ መስማት የአባቴን የድሮ ጃኬት ከሣጥን አውጥቶ እንደ መልበስ ነው።

ከደሴ የተነሣሁት በማለዳው አውቶቡስ ነው። ጦሳ ጉም ለብሶ ነበር። አውሮፕላኑ ደመና ውስጥ ሲገባ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እኔ ግን ጉም ውስጥ ስላደግኩ ሠፈሬ ያለሁ መሰለኝ። እንቅልፍ ሳይሆን እንቅልፍ የሚመስል ነገር ይዞኝ ሄደ። ያ ስሜት ሳምንቱን ሙሉ አለቀቀኝም።

እሑድ ከሰዓት ደረስኩ። አጎቴ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆመዋል፤ ከፎቶዋቸው ያጥራሉ። ግንባሬን በመዳፋቸው ዳብሰው «የእናትህን ግንባር ተሸክመህ መጣህ» አሉኝ፤ ሌላ ነገር አላሉም። ከዚያ በባቡር ወደ ዊልስደን ሄድን። የሠፈሩ ቤቶች ሁሉ ቀይ ጡብ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያውን ሠርተው ሌላውን ፎቶ ኮፒ ያደረጉት ይመስላል፤ ቶነር እያለቀ ሲሄድ እንደሚሆነው በመንገዱ መጨረሻ ያሉት ደብዘዝ ይላሉ።

የጋሼ ረፊቅ በር ጋ ስንደርስ አጎቴ ሻንጣዬን አስቀመጡና ደወሉን ተጫኑ። ከዚያ በሩ ሳይከፈት ፈጠን ብለው በጎን ወዳለው የራሳቸው ቤት ገቡ።

«ጋሼ! አይገቡም እንዴ?»

«ደክሞኛል» አሉ ዘወር ሳይሉ። ልጆች ሆነን የሰው በር አንኳኩተን እንሮጥ የነበረው ትዝ አለኝ።

የከፈቱልኝ ሽማግሌ ረጅም፣ ቀጭን፣ የሱፍ ሰደርያ የለበሱ ናቸው፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ከኋላዬ ወዳለው ባዶ መንገድ ትንሽ አዩ፤ የጎደለ ሰው እንደሚፈልጉ። ከዚያ «ግባ ቤታ» አሉኝ። ቤታ በእነሱ ቋንቋ ልጄ ማለት ነው። ኮሪደሩ ከግራና ከቀኝ በሙዝ ካርቶን ተሞልቷል። ቤቱ ተሸጧል፤ ቅዳሜ ብራድፎርድ ወደሚባል ሩቅ ከተማ፣ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው።

«ያንተን ክፍል ግን አላሸግኩትም። ለአጎትህ ቃል ገብቻለሁ» አሉ።

ራት ሩዝና ምስር ነበር። በጭልፋ ይጨምሩልኛል፤ እኔ ዝም እላለሁ። እኛ ዘንድ አስተናጋጁ «በሞቴ» እያለ፣ እንግዳው «ጠገብኩ» እያለ ይታገላሉ፤ እዚህ ግን «በሞቴ» የሚል ስለሌለ ምን ብዬ እንደማቆማቸው ጠፋኝ። ሩዙ እንደ ጦሳ ተቆለለ። በመጨረሻ ጭልፋውን አንሥተው «ኧረ ባስ በል!» አሉኝ።

«አይ፣ በባስ አይደለም» አልኩ። «በባቡር ነው የመጣነው።»

ጭልፋው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ መነጽራቸውን ሳይቀር አስወለቃቸው። ባስ በኡርዱ «በቃ» ማለት ነው። «እንግዳ ባስ ካላለ እኔ አላቆምም፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ ነው» አሉ። ያን ሩዝ እንዴት እንደጨረስኩት እግዜር ይወቅ።

ሰኞ ጠዋት የነቃሁት በዝናብ ነው። የደሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰውና ሰው አይሰማማም፤ የዊልስደን ዝናብ ግን መስኮቱ ላይ እንደ ጸሐፊ ይጫጭራል። ቁርስ በልተን መጽሐፍ ማሸግ ጀመርን። መጽሐፍ ያልነበረበት ቦታ የለም፤ ከአልጋ ሥር፣ ከማቀዝቀዣው አናት፣ ከደረጃው ሥር። ብራድፎርድ የሚጠብቃቸው ግን አንድ መደርደሪያ ብቻ ነው። የቀረው ይሰጣል።

«ይሄን ኪታብ አቀብለኝ» ሲሉኝ እጄ ሳላስበው ወደ አንገቴ ሄደ። እኛ ክታብ የምንለው አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን እንደሆነ ነገርኳቸው። መጽሐፉን በደረታቸው ላይ አድርገው አሰቡበት።

«እኛ መደርደሪያ ላይ፣ እናንተ አንገት ላይ። እናንተ ትሻላላችሁ፤ ቤት ሲሸጥ አትቸገሩም» አሉ።

አንድ ነገር አስተዋልኩ። ብራድፎርድ የሚሄደው ካርቶን ውስጥ ቀድመው የገቡት መጻሕፍት ፊደላቸው ሌላ ነው። ልብስ ገመድ ላይ እንደሚሰጣ ፊደሎቹ ሁሉ ከአንድ መስመር ላይ ተንጠልጥለዋል። ኡርዱ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

«አይደለም። እኔ ይሄን ማንበብ አልችልም።»

«ታዲያ...»

«ይሄ ይሄዳል» አሉና ካርቶኑን ዘጉት።

ከሰዓት በኋላ ሻይ አፈሉ። ሦስት ስኒ አወጡ፤ ቆም ብለው አዩአቸውና አንዱን መልሰው ሰቀሉት። ያን ጊዜ ነው ደፍሬ ስለ አጎቴ የጠየቅኳቸው። ነገሩን ቀስ ብለው ነገሩኝ። ሁለቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ ወጥ ቤት በየቀኑ ሻይ ጠጥተዋል። አጎቴ የሚመጡት በመንገዱ በር ሳይሆን በጓሮ ነው፤ ከአጥሩ አንድ ሳንቃ ነቅለው መተላለፊያ አበጅተዋል። ወሬያቸው ፖለቲካ ነው፤ እንዳይጣሉበት ሕግ አወጡለት። ሰኞ የፓኪስታን ቀን ነው፤ ማክሰኞ የእኛ። ረቡዕ የፓኪስታን፣ ሐሙስ የእኛ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። እሑድ ሀገር የለም፤ እሑድ ስለ ቲማቲም ነው የሚወራው። ባለ ተራው ያወራል። አድማጩ መጠየቅና ማዘን ይችላል፤ አስተያየት መስጠት ግን ክልክል ነው።

«የእኛ ሀገር ሁለት ሆኖ የለም? እንዴት አንድ ቀን ተሰጠን?» ብዬ ጠየቅኩ። ትንሽ ፈገግ አሉ።

«እኔም ጠይቄው ነበር። "በአማርኛ የማስብባት ቀን ናት፤ ድንበሯን አትጠይቀኝ" አለኝ።»

ዕለቱ የእሳቸው ቀን ስለነበር ለእኔ አወሩልኝ። ልጅ ሳሉ አባታቸው የሚገዙት ጋዜጣ አንዳንድ ቀን ባዶ ነጭ ቦታ ይዞ ይወጣ ነበር፤ የተከለከለው ጽሑፍ የነበረበት ቦታ። «አባቴ ከሁሉ አብልጦ የሚያየው ያንን ነጩን ነበር። እናቴ ሻይ ስታቀርብለት "ቆይ፣ እያነበብኩ ነው" ይላት ነበር።» ስለ ምርጫ ሲያወሩ ስለ አየር ጠባይ የሚያወሩ ይመስላሉ፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ማን እንዳመጣው አይታወቅም። ስለ ለንደንም ጠየቅኳቸው። «እዚህ ስትናገር ማንም አያቋርጥህም። ችግሩ፣ ማንም አይሰማህምም። ጮክ ብዬ የተናገርኩት በዚህ ወጥ ቤት ብቻ ነው» አሉ።

አጎቴ ለምን እንደማይመጡ ግን አልነገሩኝም። «አንድ ቃል ተናገረኝ። አልተቀየምኩም። ግን ሰማሁት» ብለው ስኒውን ማጠብ ጀመሩ።

ማክሰኞ አጎቴ ዘንድ ዋልኩ። ክፍላቸው ንጹሕ ናት፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ ወንበሩ ሁሉም ከተቀመጡበት ይደረስበታል። መስኮቱ በጓሮ በኩል የአጥሩን ሳንቃዎች ያሳያል። አንዱ ከሌሎቹ አዲስ ነው፤ ምስማሩ ገና ያብለጨልጫል። አጎቴ እንዳየሁት አዩ።

«መታው» አሉ። «በምስማር! ሠላሳ ዓመት የወጣሁበትን የገባሁበትን!»

«ምን ተባባላችሁ ጋሼ?»

«ተወው።»

«ቅዳሜ ይሄዳሉ እኮ።»

«ይሂዳ! መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።» ይህን ብለው ድስቱን ሳይከፍቱ አማሰሉ፤ ክዳኑ ላይ ማለቴ ነው። ከዚያ ተቀመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰኞ ጋሼ ረፊቅ ስለ መንግሥት ሳይሆን ስለ አንድ ጓደኛቸው ማውራት ጀመሩ። አገራቸው ከምሥራቁ ክፍል ጋር አንድ በነበረች ጊዜ፣ ላሆር ኮሌጅ ሳሉ አብሯቸው አንድ ክፍል ያደረ የምሥራቅ ልጅ ነው። አገሪቱ ተከፈለች፤ ምሥራቁ ራሱን የቻለ ሌላ አገር ሆነ።

«ድምፁ እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም» አሉ አጎቴ። «እኔ ምን አልኩ? ምንም! እንደ ሁልጊዜው አዘንኩለት። "ባሰ" አልኩት። "ባሰ፣ ባሰ" እያልኩ እጁን ያዝኩት። ከአማርኛ የሚያውቃት ቃል እሷ ብቻ ናት፤ እኔው ነኝ ያስተማርኩት። የእሱ መንግሥት ሲወድቅ ባሰ፣ የእኛ ሲነሣ ባሰ፣ አብረን ስንላት ኖረናል። ብድግ አለና ስኒውን አጠበ። ያልጠጣሁትን ስኒ! በሳምንቱ ሳንቃው ተመታ።»

«ታዲያ ምን አስቀየማቸው?»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እኔ ከተለየው ወገን ነኝ ልጄ። አስመራ ነው የተወለድኩት። ጓደኛውን ለወሰደበት ነገር እኔ የማዝን አልመሰለውም። ሊሆን የሚችለው ሌላ የለም። ሠላሳ ዓመት ቀርቶ መቶ ዓመት ሻይ ብንጠጣ፣ እዚያች ላይ ስንደርስ ሳንቃ አለ።»

ያቀረቡልኝን ወጥ በላሁ፤ ጨው በዝቶበት ነበር፤ አልነገርኳቸውም።

ረቡዕ ጋሼ ረፊቅ ባለ ፎቅ ባስ ላይ ይዘውኝ ወጡ። ላሆር ሳሉ የሚያነቡት ቤታቸው ጣሪያ ላይ ነበር፤ እዚህ የሚወጡበት ጣሪያ ሲያጡ የባሱን ሁለተኛ ፎቅ ያዙ። ከፊት መስታወቱ ሥር ተቀምጠው፣ የትም ሳይወርዱ፣ ደርሶ መልስ እያነበቡ ኖረዋል። «አንዱን ወፍራም መጽሐፍ የጨረስኩት በዚህ መስመር ነው» አሉኝ። እርጥብ ቅርንጫፍ መስታወቱን ጧ አድርጎ ገረፈው። ከታች ሰዎች ጃንጥላ ብቻ ሆነው ያልፋሉ። ደሴ ታክሲ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይሄን ጊዜ አጠገቤ ያለውን ሰው የእናት አባቱን ሠፈር አውቄ ነበር፤ እዚህ ሁሉም ዝም ብሎ አብሮ ይንሳፈፋል። ዝምታው እኔን አልከበደኝም። እሳቸውን ግን በመስታወቱ ውስጥ አየኋቸው፤ መጽሐፉ ተከፍቶ ነበር፣ ገጽ አልገለበጡም።

ማታ ራት ላይ ጭልፋው እንደገና መጣ። ተምሬአለሁና ቶሎ ብዬ «ባስ!» አልኩ። ግን በአማርኛ አፍ የወጣ ስለሆነ መጨረሻው ላይ ትንሽ ተለጠጠች።

ጋሼ ረፊቅ ጭልፋውን መለሱት። «ልክ እንደ አጎትህ ነው የምትላት» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ከኡርዱ የሚያውቃት ቃል እሷ ብቻ ናት። እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። አጎቴ ትናንት ያሉት ቃል በቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ እኔው ነኝ ያስተማርኩት። አንዷን ቃል ሁለቱም ለሌላው የሰጡ መስሏቸው ኖረዋል። አጎቴ «ባሰ» ይላሉ፤ ይበልጥ ከፋ፣ አዘንኩልህ። ጋሼ ረፊቅ የሚሰሙት «በቃ» ነው። የተሰረቀ ምርጫ፣ የታሰረ ጋዜጠኛ ሲወራ «በቃ! አሁንስ በቃ!» ትክክለኛ መልስ ነው። ስለ ጠፋ ጓደኛ ሲወራ ግን አፍህን ዝጋ ማለት ነው።

ወዲያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። እኔ ዝምተኛ ነኝ፣ እነሱ ደግሞ አባቶቼ ይሆናሉ። ከዚያም በላይ አንድ ነገር ፈራሁ፤ ስሕተቷን ነቅዬ ሳወጣ ሠላሳውን ዓመት አብሬ እንዳልነቅለው። በአንድ ቃል ሲግባቡ የኖሩ ሰዎች አንድም ቀን እንዳልተሰማሙ ቢያውቁ ምን ይቀራቸዋል?

ሐሙስ የአጎቴ ልጅ ሳሮን ከተማ ልታሳየኝ መጣች። ዌምብሊ አንድ የልብስ መደብር ውስጥ ትሠራለች፤ አማርኛዋ መንገድ ላይ ይጀምርና እንግሊዝኛ ላይ ይወርዳል። ድልድዩን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ነፋሱ ኮፍያዬን ወሰደውና ወንዙ ውስጥ ከተተው፤ ሳሮን ኮፍያው እስኪጠፋ ድረስ እጇን አውለበለበችለት። ያሰብኩትን ያወጣሁላት እዚያ ነው። አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ኦ ማይ ጋድ። ሲሪየስሊ? ሠላሳ ዓመት?»

«ልንገራቸው ወይስ ልተወው?»

«ሄሎ! ቅዳሜ እኮ ይሄዳል! እኔን ታይምስ ቴብል፣ ያው ማባዛት፣ ያስጠናኝ አንክል ረፊቅ ነው። ዳዲ ከእሱ ሌላ ማን አለው? ንገረው። በእኔ ፊት ግን አይደለም፤ እስቃለሁ፣ እሱ ደግሞ ይገድለኛል።»

«ልባቸውስ?»

«ልቡን እኮ ነው እየበላው ያለው፣ አንተ ሰው!»

ዓርብ ጠዋት ለአጎቴ ነገርኳቸው። ስጨርስ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያነሡ መጠየቅ ጀመሩ።

«እኔ ባሰ ስል እሱ የሚሰማው በቃ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እሱ ባስ ሲልስ?»

«በቃ ማለታቸው ነው።»

«አማርኛ አይደለም?»

«አይደለም።»

አሰቡ፤ ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። «ስለ መንግሥት ሲሆን እኮ ያው ነው!» አሉና ሳቁ፤ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ሳቁ ግን መሐል ላይ ቆመ። «ያን ሰኞ ግን... ስለ ልጁ ሲነግረኝ... እጁን ይዤ "በቃህ" አልኩት ማለት ነው?»

መልስ አልጠበቁም። ከምድጃው ሥር መዶሻ አውጥተው ወደ ጓሮ ወጡ። ነጠላ ጫማ ነው ያደረጉት፤ ሣሩ ረግረግ ሆኗል። ተከትዬ መዶሻውን ከእጃቸው ነጠቅኩና ምስማሩን እኔ መንቀል ጀመርኩ። ሳንቃው ሲንቋቋ ከወዲያ በኩል የጋሼ ረፊቅ በር ተከፈተ።

«ሀብቶም! ምን እያደረግህ ነው? የቤቱ ገዢ አጥር ይጠገን ስላለ ደላላው ያሠራው ነው! ትናንት የተከፈለበት!»

«ደላላው ነው የመታው?» አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማህ? ደላላው ነው!» ሳንቃው ወደቀ፤ እሳቸውም በቀዳዳው ጎንበስ ብለው አለፉ።

ወጥ ቤቱ ባዶ ነበር። ጋሼ ረፊቅ ስኒ ፍለጋ የታሸገ ካርቶን በቢላዋ ቀደዱ። አጎቴ ሳይቀመጡ ነገሩን አስረዱ፤ በእንግሊዝኛ፣ በእጅ፣ አንዳንዴ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ። ጋሼ ረፊቅ ቢላዋውን እንደያዙ አዳመጡ።

«አማርኛ ነው?» አሉ።

«አማርኛ ነው።»

«እኔ ነኝ እኮ ያስተማርኩህ!»

«አንተ? እኔ ነኝ እንጂ ያስተማርኩህ!»

«ሀብቶም፣ ኡርዱ ነው!»

«ይሁንልህ፤ ወስደህ ብራድፎርድ አሽገው!» አሉና አጎቴ ተቀመጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀየሩ። «ዛሬ ዓርብ ነው። ቀኑ የአንተ ነው። ልጁ ጋ ነበር ያቆምከው።»

ጋሼ ረፊቅ ወደ ኮሪደሩ ሄደው ያን ካርቶን አመጡ፤ ፊደላቸው ከመስመር ላይ የተንጠለጠለ መጻሕፍት ያሉበትን። የልጁ ናቸው። ማታ ማታ በራሱ ቋንቋ ግጥም ጮክ ብሎ ያነብላቸው ነበር፤ አንድ ቃል አይገባቸውም፣ ሳይሰሙት ግን አይተኙም ነበር። ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲሄድ መጻሕፍቱን አልጋው ላይ ትቶ «እመለሳለሁ፣ ማንም እንዳይወስድብኝ» አላቸው። ሳይመለስ ጦርነት መጣ፤ ከዚያ ያ አልጋ የሌላ አገር ሰው አልጋ ሆነ። ይኑር ይሙት እስከ ዛሬ አያውቁም።

«አገር ሲከፈል ካርታ ላይ መስመር ያሰምራሉ» አሉ። «እኔ የማውቀው መስመር በሁለት አልጋ መካከል ያለው ነው፤ አንድ ክንድ ይሆናል።»

የአጎቴ አፍ ሊናገር ተከፈተ። ቃሏ እዚያ ምላሳቸው ላይ እንደነበረች አየሁ። ዋጧት። ካርቶኑ ውስጥ እጃቸውን ከተው አንድ መጽሐፍ አወጡ፤ ከፈቱት፣ ማንበብ የማይችሉትን ገጽ ለብዙ ጊዜ አዩት፣ ገለበጡት፣ ሌላውንም አዩት። ጋሼ ረፊቅ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። እኔም የማደርገው ባጣ የሻዩን ውኃ ጣድኩ።

ሻዩ ሲደርስ ጋሼ ረፊቅ ለአጎቴ መቅዳት ጀመሩ። ስኒው ሞላ። ማንቆርቆሪያውን አላነሡም፤ አጎቴን ያያሉ። አጎቴም እሳቸውን ያያሉ። ሻዩ ወደ ማስቀመጫው ፈሰሰ፤ ከዚያ ወደ ጠረጴዛው።

«በል እንጂ!» አሉ ጋሼ ረፊቅ።

«አልልም።»

«ሀብቶም!»

«ሁለተኛ አትወጣም ከአፌ!»

ካርቶኑን ከጠረጴዛው ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ መጻሕፍቱ አልረጠቡም። ሁለቱ ግን ወለሉ ላይ የሚንጠባጠበውን ሻይ እያዩ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪናው መጣና ጠባቡን መንገድ ዘጋ። ዕቃው ተጭኖ አለቀ። አጎቴ ግን የሹፌሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ይዘው አልወርድ አሉ። ቅዳሜ የእኛ ቀን ነው፤ ወሬያቸውን አልጨረሱም። ስለ ደሴ ያወራሉ፤ አብሯቸው አንድ ዴስክ ላይ ስለተቀመጠ ልጅ፣ አሁን የት እንዳለ ስለማያውቁት። ጋሼ ረፊቅ በሩ ላይ ቆመው በሕጉ መሠረት ያዳምጣሉ፤ ይጠይቃሉ፣ አስተያየት አይሰጡም። ሹፌሩ ሰዓቱን ያያል። ከኋላ አንድ ቀይ ባስ መጥቶ ቆመ፤ አንዴ ጡሩምባ ነፋ።

በመጨረሻ አጎቴ ወረዱ፤ ጋሼ ረፊቅ ወጡ። «ሰኞ በስልክ» አሉ። «ሰኞ የአንተ ነው» አሉ አጎቴ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ጋሼ ረፊቅ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው እጃቸውን ወደ ኋላ እያወዛወዙ ጮኹ፦

«ባስ!»

ከጀርባችን ላለው ባስ ከመንገዱ ዘወር በሉለት ማለታቸው ይሁን፣ በቃ ከዚህ በላይ አትቁም ማለታቸው ይሁን፣ ወይስ የአጎቴን ቃል በአጎቴ ቋንቋ መመለሳቸው ይሁን መለየት አልቻልኩም። እኔ ነጥብና ሰረዝ ሳላጣራ ወረቀት የማልሰጥ ሰው ነኝ፤ ይሄን ግን አልጠየቅኩም። አጎቴ ከመንገዱ መሐል ሳይነቃነቁ፣ ባሱ ከኋላቸው እየጮኸ፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው መለሱ፦

«ባሰ!»